ዘጠኝ ፊደል

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ሚውሪየል ሰግደን ገባች ወደ ሥራዬ ስፍራ፤
ከጃንጥላዋ ጫፍ ውሃ እያንጠባጠበች
አራት እጥፍ የሆነ ወረቀት ዘረጋች።
«ዊልፍሬድ ለዚህ ሸለቆ . . . ነበር» ይላል ጽሑፉ፤
መሃሉ ባዶ ነው፤ ሦስት ቃል ተጽፏል ከጫፉ።
ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች፣ መለኪያ ነው ዘራቸው፤
ሦስቱም አቤት ይላሉ፣ አንዱ ሲጠራ ከመሃላቸው።
«ኢኖክ፣ የቱን ልበል?»

እኔ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ፣ ቃል መራጭ አይደለሁም፤
በፊደል ነው ዋጋዬ፤ አራት ፓውንድ፣ አልቀንስም።
ቆጠርኩላት በጣቴ፦ ‘ያርድስቲክ’ ዘጠኝ ነው፤
‘ቤንችማርክ’ም ዘጠኝ፤ ‘ተችስቶን’ በአንድ ፊደል የሚበልጠው።
«ታዲያ በዋጋም አይለዩ!» ሳቅ ነገር ቃጣት፣
ሊወጣ ሲል ግን ከንፈሯ እምቢ አላት።

‘ያርድስቲክ’ እንጨት ነው፤ እናቴ ነበራት፣
ቀን ጨርቅ የምትለካበት፣ ማታ እኔን የምትገርፍበት፤
ጫፉ በእጅ ብዛት አልቆ፣ አንድ ጣት ጎድሎ፣
ስንቱ ቀሚስ አጥሮ ወጣ ‘ልክ ነው’ ተብሎ!
«ዊልፍሬድ ቀጭን ነበር እንጂ ዱላ አልነበረም» አለች፤
በእርሳሷ የመጀመሪያውን ቃል ሁለቴ ሰረዘች።

‘ተችስቶን’ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ወርቅ የሚታሽበት፣
የቀረውን ጭረት አይቶ አንጥረኛ የሚፈርድበት፤
ራሱ ወርቅ አይደለም፤ የሰው ወርቅ ነው የሚያወጣ፤
ላብ ያጠምቀዋል፣ ሐሰት ቀለበት ይዞ የመጣ።
ዊልፍሬድም እንዲያ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
የመንግሥት ሚዛን መርማሪ፤ የናስ ክብደቶቹ ሲቃጨሉ
ከቆዳ ሻንጣው ውስጥ፣ ገና ከሩቅ ሲሰማ፣
ሥጋ ሻጩ አውራ ጣቱን ከሰሃኑ ላይ ያነሳማ!
ሰባኪው ‘በሰፈሩት ቁና’ ሲል እሑድ እሑድ፣
ዘወር ብሎ ሰው የሚያየው ሰውዬ ነበር ዊልፍሬድ።

«እሱን ጻፊው» ልላት ስል፣ በሩ ተንኳኳና
አዳ ክራብትሪ ገባች፣ ዓሣ ሻጯ፣ ከገበያ መውጣቷ ነው ገና።
ወረቀቱን አነበበች ከትከሻችን በላይ፤
‘ያጽናሽ’ ማለትም ረሳች፣ ትክ ብላ ስታይ።
«በዚያ በረዶ ክረምት፣ ሃሪ በሞተብኝ ሰሞን፣
ሚዛኔ ግማሽ አውንስ ትሰርቅ ነበር» አለችን።
«እያወቅኩ።
አያት። እኔንም አየኝ። ምንም አላለም።
በኪሱ ቢላዋ ብሎኗን ጠበቅ አደረጋት፣
መዝገቡ ላይ ‘ልክ ነው’ ብሎ ፈረመባት።
ሲወጣ ልክ ነበረች፤ ሲገባ ግን አልነበረችም።»

ሚውሪየል ይህን አልሰማችም፣ ዕድሜዋን አብራው ኖራ።
እርሳሷ ከ‘ተችስቶን’ በላይ ቆመች፣ አየር ላይ ተቸንክራ።
ወርቁ ነው ሐሰት እንበል? ወይስ ድንጋዩ ነው የዋሸ?
ጥያቄው በሦስታችን መሃል ሳይመለስ መሸ።

‘ቤንችማርክ’ ቀርቶ ነበር። ዛሬ ባንኮች ወስደውታል፤
የወለድ ስም፣ የስልክ ፍጥነት ስም፣ ምኑ ቅጡ ሆኗል።
ግን ከጸሎት ቤቱ ግድግዳ፣ ከበሩ በስተግራ፣
አያቴ የቀረጻት አለች፣ ብዙ ሰው ሳያያት የኖረች ከስፍራዋ ጋራ፤
አንዲት አግድም መስመር፣ ከሥሯ ሦስት ጭረት፣ እንደ ወፍ እግር።
ቀያሾች ብረታቸውን እዚያች ላይ አሳርፈው
የካልደርን ሸለቆ ሁሉ ለኩ፣ ጉብታውን ከጉድጓዱ ለይተው።
ስለ ማንም ክፉ ደግ መስመሯ አትናገርም፤
‘ከዚህ ጀምሩ’ ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ አታውቅም።

ወስጄ በባትሪ አሳየኋት። በጓንቷ ሳይሆን በጣቷ
ዳሰሰቻት፤ ለረጅም ጊዜ አልወጣም ድምፅ ከአንደበቷ።
«ስሙንና ዓመቱን ብቻ» አለችኝ፣ «ቃል ይቅርበት።
ግን ከግርጌው፣ ሣር በሚሸፍነው በኩል፣ ይህችን ቅረጽበት።»

ስሙ አሥራ ሦስት ፊደል፣ ዓመቶቹ ስምንት አኃዝ፤
ሰማንያ አራት ፓውንድ።
መስመሯንና የወፍ እግሯን አልቆጠርኩም።
ፊደል አይደለችማ።